ከአጃንታ እስከ ይፋት፦ ስለ ተጽዕኖ አንዳንድ ነጥቦች

መነሻ

በሥነ ጽሑፍም ሆነ በሥነ ሥዕል ሂስ «ተጽዕኖ» የሚለውን ቃል ያህል በቀላሉ የሚወረወር፣ ያንኑ ያህልም ሳይመረመር የሚታለፍ ቃል ጥቂት ነው። ተማሪዎቻችን በሚያቀርቧቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ «በደራሲው ላይ የእገሌ ተጽዕኖ አርፎበታል» የሚል ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ የምርመራው ፍጻሜ ሆኖ ይቀመጣል። ምንጩ ከተገኘ ሥራው ያለቀ ይመስላል። በእኔ እምነት ግን ሥራው የሚጀምረው እዚያ ነው። ተቀባዩ ምን ጎድሎት ኖሯል? ከምንጩ ምን አነሣ፣ ምንስ ተወ? ያነሣውን ይዞ የት ደረሰ? እነዚህ ጥያቄዎች እስካልተመለሱ ድረስ ተጽዕኖን መጥራት ጎረቤትን «ከእገሌ ተበድሯል» ብሎ ከማማት አይለይም።

ይህ ጽሑፍ ጥያቄዎቹን በአንድ ሩቅ በሚመስል ጉዳይ ላይ ለመፈተን ይሞክራል። ጉዳዩ የጥንት ሕንድ ሥነ ሥዕል በዘመናዊው የጀርመን ሥዕል ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ነው። ይህን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ነገሩ ከእኛ የራቀ ስለ ሆነ ያለ ቁጣና ያለ ጥብቅና ልናየው እንችላለን። ሁለተኛ፣ ከዚያ የሚገኘው ትምህርት ቅርባችን ያለ አንድ ክርክር ላይ ብርሃን ይሰጣል፤ ይኸውም ባለቅኔና ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታን «በግጥሙ የእኛ፣ በሥዕሉ የፈረንጅ» ብሎ ለሁለት የሚከፍለው አስተያየት ነው። መንገዳችን ግን የሚጀምረው ከጀርመንም ከሕንድም ሳይሆን እኔ ካደግሁበት ከይፋት ቆላ ነው።

በይፋት ያለፈው ሠዓሊ

ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ከጣርማ በር ቁልቁለት ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ይፋትን የሚያውቃት በሙቀቷ፣ በሽንኩርቷና በማሾዋ ነው። ቆላዋ ግን ጥንታዊ የንግድ በር ናት። በዳርቻዋ ያሉት የኖራና የአስባሪ የድንጋይ ፍርስራሾች በመካከለኛው ዘመን የነበረውን የይፋት ሱልጣኔት ያስታውሳሉ። ከዘይላና ከታጁራ የሚነሣው ሲራራ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣው በዚህ ነበር። ከሸዋ ሮቢት በስተደቡብ፣ በአንኮበር ግርጌ ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከቡናውና ከጨው አሞሌው ጋር የሕንድ ጨርቅ ይሸጥ ነበር።

በዚሁ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1841 አንድ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን አለፈ። ቡድኑ በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ መሪነት ከቦምቤይ ተነሥቶ፣ በታጁራ በኩል ፋሪ በምትባለው የድንበር መንደር ወደ ይፋት ገብቶ፣ አልዩ አምባን አልፎ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ ወደ አንኮበር ወጣ። ለንጉሡ ካቀረባቸው ስጦታዎች መካከል በሕንድ የተሠሩ ሻሎች ይገኙባቸዋል። የቡድኑ ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስ የተባለ እ.ኤ.አ. በ1802 በሽፓየር ከተማ የተወለደ ጀርመናዊ ነበር። በርናትስ ወደ ሸዋ ከመምጣቱ በፊት ቅድስት አገርን ዞሮ ሥሏል፤ ሕንድንም አይቷል። የኢትዮጵያ ሥዕሎቹ በ1852 በእንግሊዝኛ መግለጫ ታትመው ወጥተዋል። መጽሐፉ ሁለት ክፍል ነው፤ የመጀመሪያው የአፋርን ቆላ፣ ሁለተኛው የሸዋን ደጋ ያሳያል።

ለታሪክ ተማሪ እነዚህ ሥዕሎች ትልቅ ሀብት ናቸው። ፎቶግራፍ ባልነበረበት ዘመን የአገሩን መልክ፣ የሰዉን አለባበስ፣ የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት ጠብቀው አቆይተውልናል። የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ሕንድና ይፋት በዚህ ሠዓሊ እጅ ላይ ምን ለወጡ? መልሱ «እጅግ ጥቂት» የሚል ነው። ሰዎቹ ከፊት ለፊት አነስ ብለው ይቆማሉ፤ ተራራው በደረጃ እየደበዘዘ ወደ ሩቅ ይሸሻል፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ይመጣል። ይህ በአውሮፓ የተማረው የመልክዐ ምድር አሣሣል ነው። ኢየሩሳሌምን ያየበት ዓይን አንኮበርንም አየ። ከበላዩ፣ በአምባው ላይ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ርቀትንና ጥላን የማያውቅ ሌላ የሥዕል ሥርዓት ነበር፤ ያ ሥርዓት ግን የእጁን ልማድ አልነካውም።

ይህን የምለው ልወቅሰው አይደለም። የተላከው ያየውን እንዲመዘግብ ነው፤ መዝግቧልም። ነገሩ የሚያስተምረን ግን አለ፤ ማየት ተጽዕኖ አይደለም። አንድ ሠዓሊ አገር ላገር ዞሮ፣ ምንጩ ዳር ቆሞ፣ ሳይጠማው ሊመለስ ይችላል። እንግዲህ «ደራሲው ለንደን ተምሯል፤ ስለዚህ…» ብለን የምንጀምረው ዐረፍተ ነገር ሁሉ በዚህ ላይ ሊፈተን ይገባዋል።

አጃንታ በድሬስደን

ተቃራኒውን ለማየት ወደ ምዕራብ ሕንድ እንሂድ። አጃንታ በዛሬው የማሃራሽትራ ግዛት የሚገኝ፣ እንደ ላሊበላ ከአለት የተፈለፈሉ ሠላሳ ያህል የቡድሃ ሃይማኖት ዋሻዎች ያሉበት ስፍራ ነው። ሥራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት ግድም ተጀምሮ እስከ ልደት በኋላ አምስተኛው መቶ ዓመት ደርሷል። በግድግዳዎቹ ላይ የተሣሉት በአብዛኛው ቡድሃ ከመወለዱ በፊት የኖራቸውን ሕይወቶች የሚተርኩ ታሪኮች ናቸው። ስፍራው ለብዙ መቶ ዓመታት በጫካ ተሸፍኖ ቆይቶ በ1819 እ.ኤ.አ. በአንድ የእንግሊዝ መኮንን አማካይነት እንደ ገና ለውጭው ዓለም ታወቀ።

በ1872 እና በ1885 እ.ኤ.አ. መካከል የቦምቤይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ኃላፊ ጆን ግሪፊትስ ከሕንዳውያን ተማሪዎቹ ጋር ሥዕሎቹን ገለበጠ። ከግልባጮቹ ብዙዎቹ ለንደን ውስጥ በእሳት ተቃጠሉ። የተረፈው ተሰብስቦ በ1896 እና በ1897 በሁለት ትላልቅ ጥራዞች ታተመ። የዚህ መጽሐፍ አንድ ቅጂ ድሬስደን ቤተ መጻሕፍት ደረሰ። በዚያም ኤርንስት ሉድቪግ ኪርሽነር የተባለ ወጣት አገኘው።

ኪርሽነር በ1905 ከሦስት የሥነ ሕንፃ ተማሪ ጓደኞቹ ጋር «ድልድይ» የተባለውን የሠዓልያን ማኅበር በድሬስደን የመሠረተ ነው። ማኅበሩ ኤክስፕረሽኒዝም ለምንለው የጀርመን የሥዕል እንቅስቃሴ ዋና መነሻ ሆኗል። ወጣቶቹ ከትምህርት ቤቱ የሥዕል ደንብ መላቀቅ ይፈልጉ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኪርሽነር ቀለሙን በወፍራሙ እየቆራረጠ የሚለጥፍ፣ ከቫን ጎግ ብዙ የቀሰመ ሠዓሊ ነበር። ስሜቱ ይጋልባል፤ የሰው አካል ግን በቀለሙ ውስጥ ይሟሟበታል። የጎደለው ይህ ነበር፤ አካልን የጥላና የርቀት ደንብ ሳይጠራ፣ በጠፍጣፋ ቀለም ላይ፣ ክብደት ሰጥቶ ማቆም።

አጃንታ ለዚህ መልስ ነበረው። በዋሻዎቹ ሥዕል አካሉን የሚያቆመው መስመሩ ነው። መስመሩ ትከሻን፣ ወገብንና ጭንን ተከትሎ ሲዞር ሥጋው ይሞላል፤ አንዱ አካል በሌላው ላይ ሲያዘነብል ሁሉም በአንድ ምት ይያያዛሉ። ኪርሽነር ከመጽሐፉ ላይ ምስሎችን በብዕር ገልብጧል፤ ግልባጮቹም ይታወቃሉ። ከዚያ በኋላ በ1911 የሣለውን «በሐይቅ ዳር አምስት ገላ ታጣቢዎች» የተባለውን ሥዕል የሚያይ ሰው ለውጡን ያስተውላል። የሴቶቹ አካል በጠንካራ መስመር ታጥሮ ሞልቶ ቆሟል፤ ቀለሙ ሰፊና ጸጥ ያለ ሆኗል። ለውጡን ሁሉ ለአጃንታ መስጠት ግን ስሕተት ይሆናል። በዚያው ከተማ የባህል ቤተ መዘክር የነበሩት የፓላው ደሴቶች የተቀረጹ አግዳሚዎችና የአፍሪካ ቅርጻ ቅርጾችም ድርሻ ነበራቸው። ሁሉም የተመረጡት ለአንዱ ጥያቄ መልስ እየያዙ ስለ መጡ ነው።

ሁለቱን ጀርመናውያን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በርናትስ ሕንድን በዓይኑ አየ፤ ሥዕሉ ግን እንደ ነበረ ቀረ። ኪርሽነር ሕንድን ረግጦ አያውቅም፤ ያየው የግልባጭ ግልባጭ፣ ያውም በወረቀት ላይ፣ ከዋሻው ጨለማና ከአምልኮው የተነጠለ ነበር። የተለወጠው ግን የእሱ ሥዕል ነው። ከምንጩ ምን ተወ? የቡድሃን ሕይወቶች ተወ፤ ታሪኩን፣ ጸሎቱን፣ ምናኔውን ተወ። መስመሩንና አካሉን ብቻ አንሥቶ በድሬስደን አቅራቢያ ባሉ ሐይቆች ዳር አቆመው።

ይህ በሥነ ጽሑፍም የታየ ነው። የካሊዳሳ ሻኩንታላ በ1791 እ.ኤ.አ. በጌኦርግ ፎርስተር ወደ ጀርመንኛ ሲተረጎም ጎተ እጅግ ተደነቀበት፤ የፋውስት መግቢያ ትዕይንትም ከዚያ ተውኔት መግቢያ እንደ ተቀዳ ሊቃውንት ይናገራሉ። ያው ጎተ ግን የሕንድን ባለ ብዙ እጅ አማልክት ምስል ይጸየፍ ነበር። ከአንድ አገር ጥበብ ተውኔቱን ወስዶ ሐውልቱን ጣለ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሌላ ጀርመናዊ ከዚያው አገር ሥዕሉን አነሣ። ምንጩ አንድ ነው፤ የተለየው ጥማቱ ነው።

የማሾ ባለቤት ማን ነው?

«ይህ ከሆነ ሁሉም የተዋሰ ነው፤ የራስ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከይፋት ማሳ ልፈልግ።

በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባለው በቀወት ቆላ ማሾ በሰፊው ይዘራል። ማሾ በመጀመሪያ የለማው በሕንድ ምድር እንደ ሆነ የእርሻ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ሆኖም የይፋትን ገበሬ «የሕንድ ኮራጅ» ብሎ የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ምክንያቱም ዘሩን አፈሩ ያውቀዋል። በአጭር ዝናብ መድረሱ ለቆላው ተስማማ፤ ገበሬው ዝናቡን እያየ የሚዘራበትን ጊዜ አወቀለት፤ ገበያው ዋጋ ሰጠው። ዘሩ ከየት መጣ የሚለው የታሪክ ጥያቄ ነው። ምርቱ የማን ነው የሚለው ግን የላብ ጥያቄ ነው።

ከቃል ጥበባችንም አብነት አለ። በይፋትና በወሎ የሚሰማው መንዙማ ሥሩ የዐረብኛ የውዳሴ ግጥም ነው። በአማርኛ ሲባል ግን ዜማው፣ ቤት አመታቱ፣ ዐረብኛውን ከአማርኛው እያዋደደ የሚያስገባበት ጥበብ የዚህ አገር ሆኗል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛና አፋርኛ በአንድ ገበያ በሚሰሙበት ቆላ ላደገ ሰው «ንጹሕ» ጥበብ የሚባለው ነገር በሩቅ የተወራለት እንጂ በቅርብ ያየው አይደለም። ስለዚህ መዋስን ከነውር ማውጣት አለብን። ነውሩ የተዋሱትን ሳያበቅሉ መቅረት ነው።

ገብረ ክርስቶስ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

አሁን ወደ ቅርቡ ክርክር እንምጣ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 እ.ኤ.አ. ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሐረግና በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። ልጁ ሥዕልን በመጀመሪያ ያየው ከአባቱ እጅ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ሥነ ጥበብ ተማረ። ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅትንም ሽልማት አገኘ። በኋላ ከአገሩ ተሰዶ በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ኦክላሆማ አረፈ።

ሥዕሎቹ ለአዲስ አበባ ተመልካች በቀረቡበት ጊዜ ብዙ ክርክር አስነሥተዋል። ረቂቅ ሥዕል «የእኛ አይደለም» ተባለ። በሌላ በኩል «ሀገሬ» የተባለው ግጥሙ በቃል የማይወጣው ተማሪ ጥቂት ነው። እንዲህ እያለ አንድ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ሥነ ጽሑፍ የምናስተምር ሰዎች ባለቅኔውን ወሰድን፤ ሠዓሊውን ለሌላ ክፍል ተውነው። ስለ ሁለቱም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የጻፈው ገጣሚው ሰሎሞን ደሬሳ ግን በጽሑፉ ርእስ ላይ ቀለምንና ቃልን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው ነበር። በእኔ አስተያየት ትክክለኛው መነሻ ይህ ነው።

ያነሣናቸውን ጥያቄዎች በገብረ ክርስቶስ ላይ እናንሣ። ምን ጎድሎት ነበር? የአባቱን ሥዕል የወረሰ ልጅ፣ የዚያን ሥዕል ሥርዓት ሳይደግም፣ የግል ኀዘኑንና የዘመኑን ጭንቀት የሚያወጣበት ቋንቋ ያስፈልገው ነበር። በኮሎኝ ምን አገኘ? ቀለም የተፈጥሮን መልክ ከመከተል ነፃ ወጥቶ በራሱ ሊናገር እንደሚችል አየ። ርቀትና ጥላ ሳይኖሩ ሥዕል ሙሉ ሊሆን እንደሚችል አረጋገጠ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ አለብን። የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ምንጊዜም እንዲህ አልነበረምን? መደቡ ጠፍጣፋ ነው፤ መስመሩ ጥቁርና ቁርጥ ያለ ነው፤ የሰዎቹ መጠን የሚለካው በርቀታቸው ሳይሆን በክብራቸው ነው፤ ቀለሙም የሚታዘዘው ለትርጉሙ ነው። ገብረ ክርስቶስ ኮሎኝ ድረስ ሄዶ ያገኘው አንዱ ነገር በአባቱ ብራና ላይ ያየውን ነገር በአዲስ ስም የመጥራት ፈቃድ ነው። እስክንድር ቦጎስያንም በፓሪስ ቆይታው ወደ አገሩ የጠልሰም ክታብ መመለሱ ተመሳሳይ ነገር ይነግረናል።

ከዚህም የሚጠልቅ ነገር አለ። ኤክስፕረሽኒዝም «የአውሮፓ ዕቃ» ነው ሲባል፣ ያ ዕቃ አውሮፓ ከራሱ ደንብ ለመውጣት ወደ አጃንታ፣ ወደ ፓላው፣ ወደ አፍሪካ ዓይኑን ባቀናበት ጊዜ የተሠራ መሆኑ ይረሳል። ገብረ ክርስቶስ ከኪርሽነር በቀጥታ ተማረ አልልም፤ በእሱ ዘመን ኮሎኝ ሌላ ትውልድ፣ ሌላ ረቂቅ ሥዕል ነበራት። ግን ያ ትውልድ የቆመበትን መሠረት የጣሉት የኪርሽነር ዘመን ሰዎች ናቸው። እንግዲህ «የውጭ» የተባለው መንገድ ራሱ ከብዙ አገር በመጡ እግሮች የተረገጠ ነው።

ምን ተወ፣ ምንስ ጨመረ? ኪርሽነር ከአጃንታ ቅርፁን አንሥቶ ሃይማኖቱን እንደ ተወ አይተናል። ገብረ ክርስቶስ ያደረገው ሌላ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በሣለው «ጎልጎታ» በተማረው ረቂቅ ቅርፅ ውስጥ የአባቱን ቤት ዋና ታሪክ፣ ስቅለትን፣ አስገባ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተሰቀለውን የምናውቀው በመልኩና ከግራ ቀኙ በቆሙት ሰዎች ነው። እዚህ ግን የሚናገረው ሥዕሉን የሚገዛው ቀይ ቀለም ነው፤ ተመልካቹ ታሪኩን ከማንበቡ በፊት ሕመሙ ይደርስበታል። ለእኔ ይህ ከግጥሙ ጋር አንድ እጅ ነው። በግጥሙም የስንኝን እኩልነት ልማድ አላልቶ፣ ምስልን ከማብራሪያ አስቀድሞ፣ ስሜቱ ሐሳቡን ቀድሞ እንዲደርስ ያደርጋል። በግጥሙ ያመሰገንነውን ነፃነት በሥዕሉ «ባዕድ» ማለታችን ሚዛናችን የተዛባ መሆኑን ያሳያል።

ስለ ሚዛን ካነሣን አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ኪርሽነር ከሕንድ ሲወስድ የዓለም የሥነ ጥበብ ታሪክ «አዲስ መንገድ ከፈተ» ብሎ ጻፈለት። ከሕንድ፣ ከአፍሪካ ወይም ከኢትዮጵያ የመጣ ሠዓሊ ከጀርመን ሲወስድ ግን «ተጽዕኖ አደረበት» ይባላል። የመጀመሪያው ግሥ ሠዓሊውን ባለቤት ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ተጎጂ ያደርገዋል። ይህን ሰዋስው ፈረንጆች ጽፈውት ሊሆን ይችላል፤ በየመመረቂያ ጽሑፉ የምንደግመው ግን እኛ ነን።

የንጽሕና ክርክር ወዴት ሊያደርስ እንደሚችልም የኪርሽነር ፍጻሜ ያሳያል። በ1937 እ.ኤ.አ. የናዚ መንግሥት ሥራዎቹን «የዘቀጠ ጥበብ» ብሎ ከስድስት መቶ የሚበልጡትን ከጀርመን ቤተ መዘክሮች አስወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ሠዓሊው በስዊዘርላንድ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። በአገራችን «የእኛ አይደለም» ያሉትን ሐያስያን ከዚያ ሥርዓት ጋር ማመሳሰሌ አይደለም፤ ብዙዎቹ የተናገሩት ከአገር ፍቅር ነው። ግን ጥበብን በዘር ሐረጉ መዳኘት አንዴ ከተጀመረ ዳኛው የት ላይ እንደሚቆም አይታወቅም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተነሡት ነጥቦች ለሂስ ሥራችን የሚጠቅም አንድ ፍሬ ነገር ይወጣል። ተጽዕኖ ከምንጩ ወደ ተቀባዩ እንደ ውሃ ቁልቁል የሚወርድ ነገር አይደለም። ተቀባዩ በጎደለው ልክ የሚቀዳው ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ የአንድን ደራሲ ንባብና ጉዞ ሲዘረዝር ገና የበርናትስን መንገድ ተከተለ እንጂ የኪርሽነርን ለውጥ አላስረዳም። የሚያስረዳው ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን እጅ አነጻጽሮ የተነሣውን፣ የተተወውንና የበቀለውን ሲያሳይ ነው።

የገብረ ክርስቶስ ሥዕሎች ጥቂት የማይባሉት ጀርመን አገር ቆይተው ተመልሰው ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ በተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የተባለው የግጥም መድበሉም ለአንባቢ ቀርቧል። ከመማሪያ ክፍላችን እስከ ሥዕሎቹ ያለው ርቀት በእግር የሚሄዱት ነው። የግጥም ኮርስ የሚወስዱ ተማሪዎች መድበሉን ይዘው በሥዕሎቹ ፊት ቆመው ሊያነቡት ይገባል፤ ፈተናውም ከዚያ ቢወጣ ደስ ይለኛል። ያን ጊዜ «ከማን ወሰደ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «በወሰደው ምን አበቀለ?» የሚለው ይቀድማል። የይፋት ገበሬ ስለ ማሾው የሚጠየቀውም ይህንኑ ነው።